«አንተ ብቻ ጀምርልኝ» ሲባል፦ የፍሪላንስ ሶፍትዌር ሥራን ተዋውሎ፣ ሠርቶ፣ ሒሳብን የመቀበል መመሪያ

ፍሪላንስ (ሳልቀጠር፣ በራሴ እየተዋዋልኩ) መሥራት በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እንድሠራለት ጠየቀኝ። የክፍያ ነገር ሳነሳ «አንተ ብቻ ጀምርልኝ፣ በገንዘብ አንጣላም» አለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ጀመርኩ። ሦስት ወር ሠራሁ። በየሳምንቱ «ይቺንም እግረ መንገድህን» የምትባል ነገር ትመጣለች። ባርኮድ ማንበቢያ ጨመርኩ። ቀጥሎ የሪፖርት ገጽ መጣ። ከዚያ የሠራተኞች ፈቃድ መከታተያ። በመጨረሻ «ሐሳባችንን ቀይረናል፣ ያለቀለት ሶፍትዌር ልንገዛ ነው» ተባልኩ። የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። የሦስት ወር ልፋቴን ውሃ በላው።

ለረጅም ጊዜ ሰውየው ያታለለኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሰውየው ገና አልወሰነም ነበር። ከኪሱ ምንም ስላላወጣ መወሰን አላስፈለገውም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል። በዚህ ሥራ ግን እሺታ የሚታወቀው ደንበኛው አንድ ነገር ሲያደርግ ነው፤ ለጥያቄያችሁ መልስ ሲያመጣ፣ ወረቀት ሲፈርም፣ ቀብድ ሲከፍል። ደንበኛውን ደረጃ በደረጃ ወደዚያ ማድረስ የእኛ ሥራ ነው። እኔ ዛሬ የምከተለው አካሄድ ይኸው።

1. ከማንም ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ወለል ዋጋችሁን እወቁ

ዋጋ ሲጠየቁ ከአየር ላይ ቁጥር የሚጠሩ ብዙ ናቸው። ቁጥሩ ግን ከሒሳብ መውጣት አለበት።

ዓመት 52 ሳምንት ነው። ለበዓል፣ ለዕረፍትና ለሕመም 6 ሳምንት ቀንሱ። 46 ይቀራል። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ 1,840 ሰዓት ይሆናል። ሁሉም ሰዓት ግን አይከፈልበትም። ደንበኛ መፈለግ፣ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ስብሰባ መቀመጥ፣ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ማዘጋጀት፣ አዲስ ነገር መማር ከዚያው ላይ ይቆረሳሉ። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ማስከፈል ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ስለዚህ በዓመት 1,000 ሰዓት ገደማ በሉት።

ቀጥሎ በዓመት የሚያስፈልጋችሁን ደምሩ። ለራሳችሁ የምትከፍሉት ደመወዝ፣ ግብር፣ ሕክምና፣ ጡረታ፣ ኢንተርኔት፣ ሰርቨር፣ ላፕቶፕ፣ ሥራ ለሚጠፋበት ወር መጠባበቂያ። በየትኛውም ገንዘብ ይሁን፣ ድምሩ 600,000 መጣ እንበል። ለ1,000 ሲካፈል የሰዓት ዋጋችሁ 600 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያንኑ 600,000 በተቀጣሪ ሰዓት ያካፍለዋል። 52 ጊዜ 40፣ ማለትም 2,080። 288 ገደማ ይመጣለታል። ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች እያስከፈለ ዓመቱን ሙሉ ይለፋል። ለምን እንደማይተርፈው ግን አይገባውም።

600ው ወለል ነው። ከዚያ በታች አትውረዱ። ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደምትጠይቁ ደግሞ ሥራው ለደንበኛው የሚያመጣው ጥቅም ይወስነዋል።

2. የመጀመሪያው ንግግር ላይ አጣሩ

በመጀመሪያው ስልክ ወይም ስብሰባ ስለ ቴክኖሎጂ ብዙ አታውሩ። ጠይቁ፣ አዳምጡ፣ ጻፉ። እኔ ሳልጠይቅ የማላልፋቸው እነዚህን ነው፦

- አሁን ይህን ሥራ በምን እየሠራችሁት ነው? ምን እየጎዳችሁ ነው?
- ባይሠራ ምን ይሆናል?
- በዚህ ቀን ይድረስ ያላችሁት ለምንድን ነው?
- ገንዘቡን የሚያጸድቀው ማነው? እሱ ስለዚህ ሥራ ያውቃል?
- ለዚህ ሥራ የያዛችሁት በጀት ከስንት እስከ ስንት ነው?

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከአንድ የክፍል ኃላፊ ጋር ለወራት ትነጋገሩና መጨረሻ ላይ «አለቃዬን ላማክር» ይላችኋል። አለቃው ነገሩን ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው፣ በትሕትና፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እሳቸውም ቢገኙ ደስ ይለኛል» በሉ። ይህ ብቻውን ፈተና ነው። ሊያመጣቸው የማይችል ሰው ክፍያም ሊያስወስን አይችልም።

በጀቱን ላለመናገር የሚሸሽ ደንበኛ ይኖራል። «አንተ ዋጋህን ንገረኝ» ይላል። አትጨቃጨቁ። ደረጃዎችን አስቀምጡለት። «በትንሹ የሚሠራ ነገር ከዚህ እስከዚህ ይሄዳል፣ መካከለኛው ከዚህ እስከዚህ፣ ሙሉው ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። እርስዎ ያሰቡት ወደ የትኛው ይጠጋል?» ፊቱን ወይም ድምፁን ስታዩ መልሱን ታውቁታላችሁ።

አንዳንድ አባባሎች ሲመጡ ቆም በሉ። «ለአንተ የሁለት ቀን ሥራ ናት» የሚል ሰው ሥራውን አቅልሎታል። ሲዘገይ ደግሞ ጥፋቱን ከእናንተ ላይ ነው የሚያየው። «ይቺን በቅናሽ ሥራልኝ፣ ቀጥሎ ትልቅ ሥራ አለ» ከተባላችሁ፣ ቅናሹን በትልቁ ሥራ ላይ እንደምታደርጉ ንገሩት። ከእናንተ በፊት የጀመረው ፕሮግራመር ጥሎ ሄዶ ከሆነ ለምን እንደሄደ ጠይቁ። ከቻላችሁ እሱን ራሱን አነጋግሩ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ጠይቄ፣ ሰውየው ሁለት ወር እንዳልተከፈለው ሰማሁ። ሥራውን አልወሰድኩም።

ማጭበርበርም አለ። ከተስማማችሁበት በላይ «በስህተት» ልኮ ትርፉን መልሱልኝ የሚል አለ። የላከው ክፍያ ቆይቶ ውድቅ ይሆናል፣ እናንተ የመለሳችሁት ግን ሄዷል። «ለሙከራ ይህን ፕሮጀክት አውርደህ አስነሳው» ብሎ ቫይረስ ያለበት ኮድ የሚልክም አለ። የማታውቁትን ሰው ኮድ በሥራ ኮምፒውተራችሁ ላይ አታስነሱ።

3. ትልቁን ከመሸጣችሁ በፊት ትንሹን ሽጡ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን ደረጃ እመርጣለሁ።

ደንበኛ «ሲስተም ይሠራልኝ፣ ስንት ይፈጃል?» ሲል በእውነት መልሱን አታውቁትም። እሱም የሚፈልገውን ገና ለይቶ አላወቀም። ሁለታችሁም ባላወቃችሁት ነገር ላይ ዋጋ መቁረጥ ለጠብ መዘጋጀት ነው። ስለዚህ ዋጋ አትስጡ። የጥናት ሥራ አቅርቡ።

ጥናቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የራሱ የተቆረጠ ዋጋ አለው። ሙሉ ክፍያው አስቀድሞ ይከፈላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲስተሙን የሚጠቀሙትን ሰዎች ታነጋግራላችሁ። ዛሬ የሚሠሩበትን ኤክሴል ወይም መዝገብ ታያላችሁ። መጨረሻ ላይ ሰነድ ታስረክባላችሁ፤ የገጾቹ ዝርዝርና ንድፍ፣ የተጠቃሚ ዓይነቶች፣ የሚገናኙ ሌሎች ሲስተሞች፣ አስጊ ነገሮች፣ የሥራው ምዕራፎች፣ ዋጋና ጊዜ። ሰነዱ የደንበኛው ነው። ከፈለገ ለሌላ ፕሮግራመር ወስዶ ማሠራት ይችላል። ይህን ፊት ለፊት ንገሩት፣ እምነት ይጨምራል።

እንዲህ ብላችሁ ልትጽፉለት ትችላላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ስለነገሩኝ ሥራ አሰብኩበት። አሁን ዋጋ ብነግርዎ ግምት ነው የሚሆነው፤ ወይ እርስዎ ይጎዳሉ ወይ እኔ። ስለዚህ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ጥናት እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጨረሻ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ጊዜና በምን ያህል ዋጋ እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድ እጅዎ ይገባል። ሰነዱ የእርስዎ ነው። ከተስማሙ ኢንቮይሱን ዛሬ እልካለሁ፣ ክፍያው እንደገባም የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ እንይዛለን።»

አንዳንዱ ደንበኛ በዚህ ይሄዳል። ይሂድ። ትንሹን ክፍያ ያልደፈረ ሰው ትልቁን አይደፍርም። የከፈለው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አያያዙ ይለወጣል። ስልክ ያነሳል። ሰዎቹን ሰብስቦ ይጠብቃችኋል። በመግቢያው ላይ ያነሳሁት ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። የገዛው ሶፍትዌር ለአሠራሩ አልሆነውም። ምንም ቂም ሳላሳይ የጥናቱን ኢንቮይስ ላክሁለት። በሁለተኛው ቀን ከፈለ። ያ ሥራ ያለአንዳች ጭቅጭቅ አለቀ። ሰውየው ያው ሰው ነው። አካሄዴ ነው የተለወጠው።

4. የሥራውን ወሰን ጻፉ፣ ያልተካተተውንም ጭምር

«የተጠቃሚ መግቢያ ይኖረዋል» የምትል አንዲት መስመር እንመልከት። ሎግኢን የሚደረገው በስልክ ቁጥር ነው በኢሜይል? የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ምን ያደርጋል? በኤስኤምኤስ ኮድ ይላካል? የኤስኤምኤሱን ወጪ ማን ይከፍላል? አስተዳዳሪ፣ ሻጭና ሒሳብ ሠራተኛ የተለያየ ነገር ነው የሚያዩት? አምስት ጊዜ የተሳሳተ አካውንቱ ይቆለፋል? ከቆለፈ ማን ይከፍትለታል? በጉግል አካውንት መግባት ይቻላል? እናንተ አንድ ቀን ብላችሁ የገመታችሁት ሥራ፣ ደንበኛው በልቡ የያዘው ሲጨመርበት ሳምንት ሊሞላ ይችላል። ማንም አልዋሸም። ሁለታችሁም በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያሰባችሁ ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር «ተጠቃሚው እንዲህ ሲያደርግ ሲስተሙ እንዲህ ያደርጋል» በሚል አረፍተ ነገር ጻፉ። በርክክብ ቀን የምትፈትሹት በዚያው አረፍተ ነገር ነው። ከሥሩ «በዚህ ዋጋ ያልተካተቱ» የሚል ርዕስ ክፈቱ። የሞባይል አፕ የለም። የድሮ መረጃ ማስገባት የለም። ጽሑፍና ፎቶ ማዘጋጀት የለም። ሥልጠና ከሁለት ጊዜ በላይ የለም። ይህን ዝርዝር መጻፍ ፍርሃት ፍርሃት ይላል፤ ደንበኛው የሚሸሽ ይመስላል። በተግባር ግን «ይሄማ ያስፈልገኛል» ይልና ዋጋው ላይ ይጨመራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁሉም ነገር አስፈላጊ ነው ለሚል ደንበኛ ዳይ ክሌግ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «ሞስኮ» የሚባል አመዳደብ ይረዳል። ሲስተሙ እንዲሠራ የሚፈለጉትን ነገሮች በአራት ትመድባላችሁ፦ የግድ የሚያስፈልግ፣ ቢኖር በጣም የሚጠቅም፣ ቢኖር የማይጠላ፣ ለአሁኑ የማይሠራ። መመደቡን ለደንበኛው ተዉት። በጀት ሲያጥር ከየት እንደሚቀነስ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።

5. ገምቱ፣ ዋጋውን ተናገሩ፣ ዝም በሉ

ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ቁጥር ጻፉ። ሁሉ ነገር ቢሳካ በስንት ቀን ያልቃል? እንደወትሮው ቢሆንስ? ቢከፋስ? መካከለኛውን በአራት አባዙ፣ ሁለቱን ጫፎች ደምሩበት፣ ለስድስት አካፍሉ። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1958 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ፕሮጀክት ከተዘጋጀው ፐርት ከሚባለው የዕቅድ ዘዴ የመጣ ነው። ምሳሌ ልስጥ። የክፍያ ሲስተም ማገናኘት ቢሳካ 3 ቀን፣ እንደወትሮው 5፣ ቢከፋ 13 ቀን ቢሆን፣ 3 ሲደመር 20 ሲደመር 13፣ 36 ይሆናል። ለ6 ሲካፈል 6 ቀን። «አምስት ቀን» ብላችሁ ብትናገሩ ኖሮ አንዷ ቀን ከኪሳችሁ ትወጣ ነበር። በ30 ሥራዎች ላይ ስትደመር ደግሞ የወር ሥራ ትሆናለች።

ሥራው በደንብ ከተጠና በተቆረጠ ዋጋ ተዋዋሉ። እየታየ የሚሄድ ሥራ ከሆነ በሰዓት ወይም በሳምንት። እኔ በሳምንት ማስከፈል እወዳለሁ። ደንበኛው በየሰዓቱ ቆጣሪ እንደበራበት አይሰማውም። እኔም በየደቂቃው ማብራሪያ አልጽፍም።

ዋጋውን ስትናገሩ ፈራ ተባ አትበሉ። ቁጥሩን ተናገሩና ዝም በሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ያን ጊዜ «ግን መቀነስ እንችላለን» የምትለዋ ቃል ከአፋችሁ እንዳታመልጥ። እኔ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ አጥቻለሁ፤ ደንበኛው ገና እያሰበ ሳለ።

«ተወደደ» ሲላችሁ ዋጋውን ብቻ አትቀንሱ። ሥራውን ቀንሱ። «በዚህ በጀት የሪፖርቱን ክፍል ለሁለተኛው ዙር ብናቆየው ይበቃናል» በሉ። ምንም ሳይነካ ዋጋው ከወረደ ደንበኛው የመጀመሪያው ቁጥር የተጋነነ እንደነበር ነው የሚረዳው። የሚቀጥለውንም ሁሉ መከራከር ይጀምራል።

6. ውል

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል፣ ቀላል ቋንቋ ይሁን። የሥራው ወሰን አባሪ ሆኖ ይያያዛል። በውስጡ የማይቀሩት እነዚህ ናቸው፦

የክፍያ መርሐ ግብርና የመክፈያ ቀን። ገንዘቡ በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚከፈልና የባንክ ማስተላለፊያ ወጪ በማን እንደሆነ። ደንበኛው ስንት ቀን ውስጥ አይቶ አስተያየት እንደሚሰጥ። ክፍያ ከዘገየ ሥራ እንደሚቆም። ለውጥ ሲመጣ እንዴት እንደሚጠየቅ። ከርክክብ በኋላ ባግ (የኮድ ስህተት) በነፃ የምታስተካክሉበት ጊዜ፣ ለምሳሌ 30 ቀን። አንዱ ወገን ማቋረጥ ቢፈልግ እስከዚያ ቀን የተሠራው እንዴት እንደሚከፈል።

ስለ አስተያየት መስጫው ጊዜ ትንሽ ልበል። «ደንበኛው በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልሰጠ ሥራውን እንደተቀበለ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ አስገቡ። ያለሱ ክፍያችሁ ሰዎች ሲመቻቸው በሚያዩት ዴሞ (የሥራ ማሳያ) ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሌላው የኮዱ ባለቤትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ስምምነት መሠረት የቅጂ መብት ያለምዝገባ፣ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይፈጠራል። በብዙ አገሮች ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው የጻፈው ኮድ፣ በጽሑፍ እስኪያስተላልፍ ድረስ የራሱ ነው። ስለዚህ «መብቱ ወደ ደንበኛው የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ነው» ብላችሁ ጻፉ። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። የምትኖሩበትንና ደንበኛው ያለበትን ሕግ አንድ ጊዜ ከጠበቃ ጋር ተመልከቱ፣ የውል ናሙናውን ለዓመታት ትጠቀሙበታላችሁ። ሕጉ ከእናንተ ጎን ሊሆንም ይችላል። ለምሳሌ በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የፍሪላንስ ሥራ የጽሑፍ ውል እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የመክፈያ ቀን ካልተጻፈም ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

7. ቀብዱ ሳይገባ አንድ መስመር ኮድ አትጻፉ

ብዙዎች ግማሽ አሁን፣ ግማሽ መጨረሻ ላይ ይላሉ። አልመክርም። ሥራው ሲያልቅ ግማሹ ገንዘባችሁ ውጭ ነው። ደንበኛው ደግሞ የሚፈልገውን አግኝቷል።

እኔ ሥራውን በሦስት እኩል ምዕራፎች እከፍለዋለሁ። ሲፈረም 30 በመቶ ቀብድ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ 30። ሁለተኛው ሲያልቅ 30። በመጨረሻው ርክክብ 10። አስሉት። ምዕራፍ አንድ ሲያልቅ ሲሶው ተሠርቷል፣ 30 በእጃችሁ ነው። ምዕራፍ ሁለት ሲያልቅ ሁለት ሦስተኛው ተሠርቷል፣ 60 በእጃችሁ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው 10 ነው። ሒሳቡ በየምዕራፉ ከተከፈለ ውጭ የሚቀረው ገንዘባችሁ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ደንበኛውም ሥራ ሳያይ የከፈለው ከ30 አያልፍም። ይህን ቁጥር አሳዩት፤ ለሁለቱም ፍትሐዊ መሆኑን ራሱ ያየዋል።

የጊዜ ሰሌዳው የሚጀምረው ቀብዱ ከገባበት ቀን መሆኑን በውሉ ላይ ጻፉ። «ቀን 1 ቀብዱ አካውንት የገባበት ቀን ነው።» ደንበኛው ሦስት ሳምንት ቢያዘገይ ማስረከቢያውም ሦስት ሳምንት ይገፋል። «ባንክ ተልኳል፣ አንተ ጀምር» ሲባል፣ «በጣም ጥሩ፣ እንደገባ በዚያው ቀን እጀምራለሁ» ብላችሁ መልሱ።

በኦንላይን ገበያ የምትሠሩ ከሆነ ገንዘቡ በአደራ መያዙን አረጋግጡ። አፕወርክ ላይ በተቆረጠ ዋጋ ስትሠሩ ደንበኛው የምዕራፉን ገንዘብ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ሥራውን በሲስተሙ በኩል ካስገባችሁ በኋላ 14 ቀን ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቃል። ገንዘብ ያልተቀመጠለት ምዕራፍ ላይ ግን ይህ ጥበቃ የለም።

8. እየሠራችሁ ሳለ

በየሳምንቱ፣ በተወሰነ ቀን፣ የሚሠራ ነገር አሳዩ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ከዴሞው በኋላ አራት መስመር ኢሜይል ላኩ፦ ምን አለቀ፣ ቀጥሎ ምን ይሠራል፣ ከእርስዎ የምጠብቀው ምንድን ነው፣ ምን ሊያዘገየን ይችላል። ይህች ኢሜይል ነገ ክርክር ቢነሳ መዝገብ ናት።

«እግረ መንገድህን» መምጣቷ አይቀርም። ስትመጣ አትቆጡ፣ እምቢም አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይቻላል። ከተስማማንበት ውጭ ስለሆነ ዋጋውንና የሚጨምረውን ቀን ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ። ካጸደቁት እጀምረዋለሁ።» ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይቀራል። የቀረው ይከፈልበታል።

አንዳንድ ጊዜ የሃያ ደቂቃ ነገር በነፃ መሥራት ትፈልጋላችሁ። ሥሩ። ግን ኢንቮይሱ ላይ ይታይ። «የአርማ ለውጥ፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ ቅናሽ 100 በመቶ።» ያልተጻፈ ስጦታ በሚቀጥለው ወር እንደ ግዴታ ይቆጠራል።

9. ርክክብ

እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ ሲስተሙን በራሳችሁ የሙከራ ሰርቨር ላይ አሳዩ። ደንበኛው ገብቶ ይነካካው፣ ይፈትሸው። ሙሉ ኮዱና ወደ እሱ ሰርቨር መጫኑ ግን ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው። ይህም በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ በመጨረሻው ቀን አዲስ ነገር ሆኖ ከመጣ ሥራውን ያገታችሁበት ይመስላል።

ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ ሆስቲንግ (ሲስተሙ የሚቀመጥበት ሰርቨር) እና የአፕ ስቶር አካውንት ከመጀመሪያው ቀን በደንበኛው ስምና በደንበኛው ካርድ ይከፈቱ። የእሱን ንብረት በእጃችሁ ይዛችሁ መደራደር አያምርም። ካልተከፈለኝ ሲስተሙን የሚያጠፋ ድብቅ ኮድ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉት። በብዙ ቦታ ወንጀል ሊሆንባችሁ ይችላል። ትክክለኛ የነበረውንም ጥያቄያችሁን ያበላሽባችኋል።

10. ክፍያ ሲዘገይ

መጀመሪያ ክፋት አታስቡ። በትልልቅ ድርጅቶች ክፍያ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በጎደለ ወረቀት ነው። የግዢ ትእዛዝ ቁጥር አልተጻፈም፣ የግብር ቁጥር ጠፍቷል፣ የባንክ ቅጽ አልተሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኢንቮይስ ከመላካችሁ በፊት የሒሳብ ክፍሉን ሰው በስም እወቁ፤ «ኢንቮይሴ ላይ ምን ምን እንዲኖር ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ከመክፈያው ቀን ሦስት ቀን ቀደም ብዬ አጭር ማስታወሻ እልካለሁ። ቀኑ ባለፈ ማግስት ይህን እጽፋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የኢንቮይስ ቁጥር 14 መክፈያ ቀን ትናንት ነበር። ከእኔ የጎደለ ሰነድ ካለ ዛሬውኑ እልካለሁ። ከሌለ ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚፈጸም ቢያሳውቁኝ።»

ቀን መጠየቁን አትርሱ። «በቅርቡ» የሚል መልስ ከመጣ «ሐሙስ እንበል ወይስ ሰኞ?» ብላችሁ መልሱ። በሰባተኛው ቀን ስልክ ደውሉ፤ በስልክ የተባለውንም ወዲያው በኢሜይል አስፍሩ። በ14ኛው ቀን ሥራ ይቆማል። ሲቆም ያለ ቁጣ ጻፉት፦ «በውላችን አንቀጽ 5 መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ቆሟል። ክፍያው በገባ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እቀጥላለሁ። የማስረከቢያ ቀኑም በቆመበት ልክ ይገፋል።» ከልምዴ፣ ክፍያ ከሚያስገኙ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሥራውን እየቀጠላችሁ መለመን ግን ደንበኛው ባይከፍልም ሥራው እንደሚሄድ ነው የሚያስተምረው።

ከዚያም ካልተከፈለ በጠበቃ ስም የሚላክ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አለ። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ አነስተኛ ክሶችን በአጭር ሥርዓት የሚያይ ፍርድ ቤት በአካባቢያችሁ መኖሩን ጠይቁ። ደንበኛው በእውነት ገንዘብ አጥሮት ከሆነ ደግሞ በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል ተስማሙ፤ ቀኖቹንና መጠኑን በጽሑፍ አስፈርሙት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጌ በሁለቱ ሙሉውን አግኝቻለሁ። በሦስተኛው ያጣሁት የመጨረሻዋን 10 በመቶ ብቻ ነበር፤ የቀረውን በየምዕራፉ ተቀብዬው ነበር።